ቅዳሜ ልትዘፍኑ ነው፣ ሆዳችሁ ግን ከዛሬ ተላውሷል፦ የቱ ይሻላል?

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳን አላስጨረሰችኝም። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ልዘፍን ነው። ምን ልዋጥ?» አለችኝ። ድምፅዋ የተዋጣለት ነው። ባቲ ቅኝትን ስትይዘው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን ያቆማል። ሰው ፊት ስትቆም ግን ማይኩ ከእጇ ሊወድቅ ይደርሳል።

«ምን ልዋጥ» የምትለዋን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ክራር ይዤ በደሴ ሰርግና አዳራሽ መቆም ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ። አሁን ከመጫወት ይልቅ ጀማሪ ማለማመዱ ይበዛብኛል። የሚመጡት ልጆች ሁሉ ለመድረክ ፍርሃት አንድ መድኃኒት ያለ ይመስላቸዋል። አንዱ ክኒን ይላል። አንዱ ትንፋሽ ይላል። አንዱ «ጫት ቃም አድርግና ውጣ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ስትለምድ ይለቅሃል» ብሎ ያሰናብታቸዋል። ከነዚህ አብዛኞቹ የሚያገለግሉበት ቦታና ሰው አላቸው። ለመምረጥ ግን ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ ፍርሃቱ ምናችሁ ላይ እንደሚይዛችሁና ስንት ቀን እንደቀራችሁ።

ምናችሁን ነው የሚይዛችሁ?

ስንፈራ ሰውነታችን አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይደልቃል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጣት ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ይህ ለሁላችንም አንድ ነው። የሚያደርሰው ጉዳት ግን እንደ ሙያው ይለያያል።

ማሲንቆ ተጫዋች ላይ የሚብሰው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። አንድ አውታር ነው ያለው። ደጋኑ ትንሽ ከተርገበገበ አዳራሹ በሙሉ ይሰማል። ክራር ላይ ያን ያህል አይታወቅም። የኛ መከራ ቅኝት መቀየሩ ላይ ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ስትዞሩ ሰው ዓይኑን ተክሎባችሁ፣ በደሴ ብርድ፣ በቀዘቀዘ ጣት አውታር ታጠብቃላችሁ። አንዷ ደቂቃ ሰዓት ትሆናለች። (ምክሬ ቀላል ነው፦ ሁለት ክራር ተዋሱ፣ ሁለቱንም ቤት ቃኝታችሁ ውጡ።) ድምፃዊ ላይ የሚመጣው የትንፋሽ ማጠርና የምራቅ መድረቅ ነው። ግጥም አንባቢና ተዋናይ ላይ የሚመጣው ደግሞ ነገሩ ከነአካቴው ከጭንቅላት መጥፋቱ ነው።

እስክስታ ለሚመቱት አድሬናሊኑ ወዳጅ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ትከሻው ያቃጥለዋል። የሚያስፈራቸው ከመጋረጃው ጀርባ ተራ መጠበቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨፋሪ ከሆናችሁ ብዙም አትጨነቁ፤ እዚያው ሰውነታችሁን አሟሙቁና ውጡ።

እኔን የያዘኝ ግጥም ላይ ነበር። ደሴ ውስጥ አንድ አዳራሽ፣ ሰው ግጥም ብሎ ሞልቷል። አምባሰል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ወጣ። ሁለተኛው የለም። ጭራሽ እንዳልተወለደ ሆነ። ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። ጣቴ መምታቱን አላቆመም፣ አፌ ግን ያንኑ የመጀመሪያውን ስንኝ ደገመው። እንደገና ደገመው። ሦስት ጊዜ ዘፈንኩት። ስወርድ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በሩ ላይ እትዬ የምላቸው የሰፈራችን ሴት ያዙኝና «ያቺን ግጥም እየደጋገምክ አንጀታችንን በላኸው» አሉኝ። ሙገሳቸው ነው! እኔ ውርደት ያልኩትን እሳቸው አጨዋወት ብለው ነው የወሰዱት።

ነገሩ የእትዬ ደግነት ብቻ እንዳልሆነ በኋላ አነበብኩ። ቶማስ ጊሎቪች የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አልብሶ ሌሎች ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ያስገባቸዋል። ለባሾቹ ግማሹ ሰው እንዳየባቸው ገመቱ። ያየው ግን ሩብ ያህሉ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከኬኔት ሳቪትስኪ ጋር ንግግር አቅራቢዎች ላይ ሠሩ። «ጭንቀታችሁ የሚመስላችሁን ያህል ውጭ አይታይም» ተብሎ አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ከሌሎቹ የተሻለ ተናገሩ። መነገሩ ብቻ ጠቀመ። እንግዲህ እኔም ነገርኳችሁ።

ለነገ ማታ ከሆነ

ጊዜ ከሌላችሁ በእጃችሁ ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው። በኔ ዓይን አንደኛው ትንፋሽ ነው። ነፃ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ መኪና ውስጥም ይሠራል። ግን ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። «በረጅሙ ተንፍስ» ሲሉት ደረቱን ነፍቶ ቶሎ ቶሎ ይስባል። ያ ያዞራል፣ ጣትንም ይወጋጋል። ከዚያ «ይኸው ባሰብኝ» ይላል። ትክክለኛው ቀስታ ነው፦ አራት እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ወደ ሆዳችሁ ሳቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ አውጡ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ያህል ይሆናል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዋናው ማውጣቱ ከመሳቡ መርዘሙ ነው። የልብን ሩጫ የሚያረግበው እሱ ነው። ትንፋሽ ለድምፃዊ የሚሰጠውን ያህል ግን ግጥም ለሚጠፋው ሰው አይሰጥም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ከታች የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ላይ የሚዘፍንና የሚጨፍር ልጅ ትንሽ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። እሱ ግን ፍርሃት ነው ብሎ ይደነግጣል። ቀደም ብላችሁ ውጡ። ሚኒባስ ወርዳችሁ ቀጥታ መድረክ አትውጡ። ሻይ ጠጡ፣ ፒያሳን አንድ ዙር ዞር ዞር በሉ።

ሁለተኛው ስሙን መቀየር ነው። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት ሰዎችን ካራኦኬ አዘፈነቻቸው። ከመጀመራቸው በፊት አንዳንዶቹ «ጨንቆኛል»፣ አንዳንዶቹ «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ ተደረገ። «ጓጉቻለሁ» ያሉት በማሽኑ ነጥብ በለጡ። የሚገርመው የልብ ምታቸው አለመቀነሱ ነው። ልባቸው እንደደለቀ ነው በደንብ የዘፈኑት። ይህን ሳነብ አባቶቻችን «አብሽር» የሚሉት ነገር ትዝ አለኝ። አብሽር የሚልህ ሰው ዝም በል፣ ተረጋጋ አላለህም። ደስ ይበልህ ነው ያለህ።

ትንፋሽና ጉጉት ይጋጫሉ የሚል ሰው አለ። አንዱ ያበርዳል፣ አንዱ ያሞቃል። እኔ በሰዓት እለያቸዋለሁ። ከመድረክ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ትንፋሽ፤ ስማችሁ ሲጠራ ጉጉት። በር ላይ ቆማችሁ ለመረጋጋት መታገል ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ሦስተኛው ክኒን ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ጥያቄው የሚበዛው እዚህ ነውና። ሰዎች የሚያወሩለት መድኃኒት ፕሮፕራኖሎል ነው። ቤታ ብሎከር ከሚባሉት የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች አንዱ ነው። አድሬናሊን ልብና እጅ ላይ የሚያደርገውን ሥራ ይዘጋል። ይሠራል ወይ? ለመንቀጥቀጥ፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ1977 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የዚሁ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት የባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾችን መንቀጥቀጥ እንደቀነሰ፣ አጨዋወታቸውንም እንዳሻሻለ አሳይቷል። ባለ አውታር መሆናቸው ልብ ይባል። ደጋን የሚይዝ እጅ ነው የተጠቀመው። ስለዚህ ከናንተ መካከል የሚመለከተው ቢኖር ማሲንቆ ተጫዋቹ ነው። ግጥም ለጠፋበት ሰው ክኒኑ ግጥሙን አያመጣለትም። በዋናነት የሚይዘው አካልን ነው።

ደግሞ አደጋ አለው። አስም ላለበት ሰው አየር ቧንቧ ያጠብባል፣ ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። ልቡ ቀስ ብሎ ለሚመታ፣ የደም ግፊቱ ዝቅ ላለ ሰው አይሆንም። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድበት የሚሰማውን የልብ ድልቂያ ይደብቅበታል። ከጓደኛ ኪስ፣ ከሚያውቁት ፋርማሲ በወሬ የሚወሰድ ነገር አይደለም። ሐኪም አይቷችሁ ካዘዘላችሁም የመጀመሪያውን ቤታችሁ፣ መድረክ በሌለበት ቀን ሞክሩት። ሰርጉ ቀን አዲስ ነገር አይሞከርም፤ ጫማም ቢሆን።

ከዚያ ጫት አለ። ወሎ ተወልጄ ስለ ጫት ዝም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ምርቃና ላይ ያለ ልጅ ቤት ውስጥ አንደበቱ ይፈታል፣ ደፋር ይሆናል። ያን አይቶ «ለመድረክ ይበጃል» ይላል። ግን ጫት የሚያነቃው በምንድን ነው? ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አፍ ያደርቃል። የፍርሃትን ምልክት አንድ በአንድ ይደግማል። በዚያ ላይ መድረኩ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ (መቼ ነው ያልዘገየው?) ምርቃናው አልፎ ድብርቱ ላይ ትወጣላችሁ። አረቄና ቢራ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣሉ። ፍርሃቱን ያደበዝዙታል፣ ጣትንና ጆሮንም አብረው። ከቅኝት የወጣ ሰው ካልሰከረ ይሰማዋል፤ ከሰከረ ሌላው ነው የሚሰማለት። አንዴ በመጠጥ የወጣ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ያለ መጠጥ መውጣት ያቅተዋል። ሁለቱንም ከምርጫው አውጥቻቸዋለሁ። ቡናም ቢሆን እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው በዚያ ቀን አንድ ስኒ ይበቃዋል። አቦልን ጠጥቶ በረካ ሳይሉት መነሳት ለኛ ሰው ከባድ ቢሆንም።

ምርቃት መቀበል፣ ዱዓ ማስደረግ፣ መጸለይ? አማኝ ከሆናችሁ ምንም ሳትሉ አድርጉት። እኔ ያለ እናቴ ምርቃት ወጥቼ አላውቅም።

አንድ ወር ካላችሁ

ጊዜ ካላችሁ ከላይ ያልኩት ሁሉ ትርፍ ነው። ክርክሩ በሁለት ነገር መካከል ይሆናል፦ ብቻ መለማመድ ወይስ ሰው ፊት መልመድ?

ብዙ ልጆች ክፍላቸውን ዘግተው ያደቁታል። መጥፎ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ እ.ኤ.አ. በ1965 እንደጻፈው ሰው ሲያየን በደንብ የቻልነውን ይበልጥ እንችለዋለን፤ ያልቻልነውን ይበልጥ እናበላሸዋለን። ተመልካች ያለውን ነው የሚያባዛው። ስለዚህ ግጥሙ አፍ ላይ እስኪያድር መለማመድ ግዴታ ነው። «አንድ ጊዜ ሳልሳሳት ዘፍኜዋለሁ» ልምምድ አይባልም። ወጥ እያማሰላችሁ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሰው እያናገራችሁ መካከል አቋርጣችሁ ከሦስተኛው ስንኝ መቀጠል ከቻላችሁ ያኔ ቻላችሁት።

ግን ክፍል ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ። ዓይን። ዓይንን የሚያስለምደው ዓይን ብቻ ነው። የአሜሪካዊቷን ድምፃዊት የባርብራ ስትራይሳንድን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ እልፍ ሰው ፊት ግጥም ጠፋባት። ያን ያህል ዝና ይዛ ለረጅም ዓመታት ከትልልቅ ኮንሰርት ራቀች። ስትመለስ ግጥም የሚያሳያት ስክሪን ይዛ ነው የመጣችው። ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። ሽሽት ፍርሃትን ያፋፋዋል። ግጥም ጽፎ መያዝ ደግሞ ነውር አይደለም። የየስንኙን የመጀመሪያ ቃል በትልቁ ጽፋችሁ ሞኒተሩ (ራሳችሁን የምትሰሙበት ስፒከር) አጠገብ መሬት ላይ በፕላስተር ለጥፉት። አብዛኛውን ጊዜ አታዩትም። እዚያ መኖሩ ነው የሚያሳርፋችሁ።

ቲክቶክ ላይቭ ላይ መለማመድስ? ይጠየቃል። ቤት ውስጥ ከመዝጋት ይሻላል። ግን ደስ ካላላችሁ ትዘጉታላችሁ፣ ታጠፉታላችሁ። መድረክ አይዘጋም። ስለዚህ ላይቩን እንደ መግቢያ እንጂ እንደ ምትክ አትያዙት። ስልክ የሚጠቅመው ራስን ቀርጾ ለማየት ነው። እጄ እንዴት ይንቀጠቀጥ ነበር ብላችሁ ስታዩት ምንም አይታይም። እትዬ ልክ ነበሩ።

የት ልጀምር?

እዚህ ላይ ነው የአገራችን ነገር የሚጠቅመው። የመጀመሪያ መድረክ ማለት አዳራሽ ማለት አይደለም። አዳራሽ እንዲያውም መጨረሻ ነው። ጸጥታው፣ መብራቱ፣ የመድረክ መሪው ረጅም ማስተዋወቅ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ባለሥልጣናት፣ ሁሉም ይከብዳል። የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ደግሞ እኩዮቻችሁ ስልክ ደግነው የሚጠብቁበት ነው። ምሕረት የለሽ ናቸው፤ ለጀማሪ አልመርጠውም።

ቡና ላይ ጀምሩ። አራት አምስት ጎረቤት ይበቃል። ከዚያ ሰርግ። ሰርግ ላይ ሰው የመጣው እናንተን ሊያይ አይደለም። ይበላል፣ ያወራል፣ ሙሽራ ያያል፣ ይጨፍራል። ብትሳሳቱ እልልታው ይሸፍነዋል። ጭብጨባውም ከሆድ ነው። ጉድለቱ ድምፁ ነው፤ ስፒከሩ ይጮሃል፣ ሞኒተር ላይኖር ይችላል፣ ራሳችሁን ሳትሰሙ ትዘፍናላችሁ። ቀድማችሁ ሄዳችሁ ማይክ ሞክሩ።

ባህል ቤት ከሰርግ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? እኔ ለግጥም ፈሪ ይቀላል ባይ ነኝ። ሰዎቹ ቅርብ ናቸው፣ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ፤ ይህ ያስፈራል። ግን «ተቀበል!» የሚባል ነገር አለ። ታዳሚው ራሱ ስንኝ ያቀብላችኋል፣ እናንተ ተቀብላችሁ ታዜማላችሁ። ግጥም ሲጠፋችሁ የሚሞላው ሕዝቡ ነው። አዝማሪዎቹ ለመድረክ ፍርሃት ብለው የፈጠሩት ባይሆንም ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም። ጓደኛችሁን ፊት አስቀምጡና ዝም ስትሉ «ተቀበል» እንዲላችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

በቡድን መጀመርም አለ። ማሪቱ ለገሠ እንኳን ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነው የወጣችው። ተቀባይ ሆኖ የቆመ ሰው ዓይኑን ይለምዳል፣ ተጠያቂነቱ ግን ይከፋፈላል። ሁለት ወር ተቀባይ ሁኑ፣ ከዚያ አንድ ስንኝ ብቻችሁን ያዙ። ችግሩ አንዳንዱ እዚያው ጥግ ተደብቆ መቅረቱ ነው። ቀን ቁረጡለት።

ከተማስ? ደሴ ያደገ ልጅ ደሴ ላይ ሲቆም አስተማሪውን፣ አክስቱን፣ የሸዋ በር ሰፈር ጓደኞቹን ሁሉ ያያል። የሚያስፈራው የሚያውቀው ሰው ከሆነ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ወርዶ ኮምቦልቻ ይጀምር። የኮምቦልቻውም እንደዚያው ደሴ ይውጣ። የሚያስፈራው እንግዳ ፊት ከሆነ ግን ሰፈሩን አይልቀቅ። ይህ ቀላል ምርጫ ይመስላል፣ ግን ብዙ ልጅ ሳያስበው በጣም የሚያስፈራውን መድረክ መጀመሪያ ይመርጣል።

የትም ጀምሩ፣ ሁለት ደንብ አለ። ሲያስፈራ አቋርጣችሁ አትውረዱ፤ ፍርሃቱ ከፍ ካለ በኋላ ራሱ ይወርዳል፣ ያን እስክታዩ ቆዩ። ሁለተኛ፣ አታራርቁት። በየሳምንቱ የምትመጣ አንዲት ትንሽ መድረክ በስድስት ወር አንዴ ከሚመጣ ትልቅ መድረክ ትበልጣለች።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው? ከሳምንት በፊት እንቅልፍ የሚያጣ፣ መድረክ ብቻ ሳይሆን ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት፣ ሰው ፊት መብላት የሚያስጨንቀው ሰው ነገሩ ከመድረክ ይሰፋል። ያ ሰው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ቢያነጋግር ይሻለዋል። አስተሳሰብንና ባህሪን በንግግር የሚያስተካክል ሕክምና አለ፣ ይሠራልም። «አብዷል» የሚል አይጠፋም። ይበል።

ወደ ኮምቦልቻዋ ልጅ ልመለስ። ሁለት ቀን ነበራት። ምንም እንዳትውጪ አልኳት። አራት ዘፈን አስባ ነበር፣ ሁለት አደረግነው። መጀመሪያ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን። ወረቀት መሬት ላይ። እህቷ ፊት ቆማ «ተቀበይ» እንድትል። መኪና ውስጥ አራት መሳብ፣ ስድስት ማውጣት።

ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወለች። ከጀርባዋ ከበሮ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አንዱን ስንኝ ረሳሁት።»

«ማን አወቀብሽ?»

«እናቴ ብቻ።» ሳቀች። «ለሚቀጥለው ሳምንት ደሴ ጠርተውኛል። ብርድ ነው አይደል እዚያ?»

ጋቢ ያዢ አልኳት።